ቀድሞ የተመለሰ ጥያቄ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» እና ራስን የማወቅ ትምህርት

መግቢያ

በአማርኛ «ማንነት» የሚለው ቃል የተገኘው «ማን» ከሚለው መጠይቅ ነው። ቃሉ ስም ከሆነም በኋላ ጥያቄነቱን አልጣለም፤ ስለ ማንነቱ የሚናገር ሰው ሁሉ፣ ቢያስተውለውም ባያስተውለውም፣ «ማን ነኝ?» ለሚል ጥያቄ መልስ በመስጠት ላይ ይገኛል። በዕድገት ሥነ ልቡና ትምህርት ይህ ጥያቄ ጎልቶ የሚነሣው በጉርምስና ዕድሜ እንደሆነ፣ መልሱንም የሚፈልገው ጠያቂው ራሱ እንደሆነ ይነገራል። ነገር ግን ጥያቄው ገና ሳይነሣ ሌላ ሰው መልሶት ቢገኝስ? ወላጅ፣ ዘመድ ወይም ልማድ በልጁ ስም አስቀድሞ ተናግሮ ቢሆንስ?

ይህ በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ጉዳይ አይደለም። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በግምጃ ቤትና በዙሪያዋ ያደገ ወጣት፣ መምህር ለመሆን ወደ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሲገባ፣ ስለ ራሱ ሌሎች የሰጡትን ብዙ መልስ ተሸክሞ ይገባል። ወላጆቹ ያወጡለት ስም፣ በክርስትና የተሰጠው ሌላ ስም፣ በቤቱ የሚነገረው አዊኛ፣ በገበያና በመሥሪያ ቤት የሚነገረው አማርኛ፣ «የእገሌ ልጅ» የሚለው መታወቂያ፣ «ይኽ ልጅ ለእርሻ፣ ያኛው ለትምህርት» ተብሎ በቤተሰብ የተደለደለው ዕጣ፣ ሁሉም እሱ ሳይጠየቅ የተመለሱ ጥያቄዎች ናቸው። ነገ በፊቱ የሚቀመጡት ሕፃናትም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ለመምህር ራስን ማወቅ ከማስተማር ሥራው ተለይቶ የሚታይ ነገር ሊሆን አይችልም።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ብዙ ጊዜ የተመረመረው ስለ ፍቅር፣ ስለ መደብ ልዩነትና ስለ ባላባታዊው ሥርዓት የሚናገር ሥራ ሆኖ ነው። ይህ አተያይ ትክክል ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። መጽሐፉ ከሁሉ አስቀድሞ ሌሎች የሰጡትን መልስ ተሸክሞ ስለሚያድግ ሰው ይናገራል። ታሪኩ የሚጀምርባት ማንኩሳም እንደ ግምጃ ቤት ሁሉ የጎጃም ምድር ናት፤ ርቀቷም ብዙ አይደለም። በመሆኑም ልብ ወለዱ ከዕድገት ሥነ ልቡና ጋር ጎን ለጎን ቢነበብ፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ያሳያል።

ሰንጠረዡና ባለቤቱ

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ስለ ሰው የሕይወት ዘመን ዕድገት ሲነሣ ቀድሞ የሚጠቀሰው ኤሪክ ኤሪክሰን ነው። ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው «ልጅነትና ኅብረተሰብ» በተሰኘው መጽሐፉ የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃዎች ከፍሎ አሳይቷል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሁለት ተቃራኒ ዝንባሌዎች ይፈታተናሉ፤ በጨቅላነት እምነትና ጥርጣሬ፣ ቀጥሎ ራስን መቻልና ኀፍረት፣ ከዚያም ተነሣሽነትና የጥፋተኝነት ስሜት፣ በትምህርት ዕድሜ ታታሪነትና የበታችነት ስሜት፣ በጉርምስና ማንነትና የሚና መደናገር፣ በወጣትነት መቀራረብና መነጠል፣ በጕልምስና ተተኪን ማፍራትና ባሉበት መቅረት፣ በመጨረሻም በእርጅና የሕይወት ሙሉነትና ተስፋ መቁረጥ ናቸው።

ይህ ትምህርት ወደ ክፍል ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ሰንጠረዥ ይሆናል። በአንድ ዓምድ ዕድሜ፣ በሌላው ተቃራኒዎቹ ይጻፋሉ፤ ሠልጣኙም ለፈተና ያጠናዋል። ከዚህ የተነሣ የሰው ሕይወት እንደ መሰላል ይታያል፤ አንዱን እርከን የረገጠ ወደ ሚቀጥለው ይወጣል፣ ያለፈውንም ዳግመኛ አይረግጥም። የማንነት ጥያቄ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ባለው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። አርባ ዓመት የሞላው መምህር ይህን ሣጥን ሲያስተምር ስለ ሌላ ሰው የሚያስተምር ይመስለዋል።

ጥፋቱ ግን የኤሪክሰን አይደለም። እሱ ራሱ እያንዳንዱ ፈተና በሌሎቹ ደረጃዎች ሁሉ በተለያየ መልክ እንደሚኖር አስረድቷል፤ ማንነት በጉርምስና ቢጎላም ከዚያ በፊት መሠረቱ ይጣላል፣ ከዚያም በኋላ እንደገና ይመረመራል። ደረጃዎቹንም ከኅብረተሰብ ነጥሎ አላያቸውም፤ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በሱዎችና በዩሮኮች ዘንድ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ አጥንቷል። የገዛ ሕይወቱም ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በፍራንክፈርት የተወለደው ይህ ሰው የወለደውን አባቱን ሳያውቅ ኖሯል። ያደገው በእንጀራ አባቱ ስም ሆምቡርገር ተብሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1939 የአሜሪካ ዜግነት ሲያገኝ ኤሪክሰን የሚለውን የቤተሰብ ስም ወሰደ፤ ትርጓሜውም «የኤሪክ ልጅ» ማለት ነው። የአባቱን ስም ከራሱ ስም አስከትሎ መጥራት ልማዱ የሆነ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህን ስም ክብደት ለመረዳት አይቸገርም። ሰውዬው በሠላሳዎቹ ዕድሜው ላይ ሳለ «የማን ልጅ ነህ?» ለሚለው ጥያቄ አዲስ መልስ ሰጠ ማለት ነው።

የኤሪክሰንን ሐሳብ ተከትሎ ጀምስ ማርሻ እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው ጥናት ለዚህ ሒስ ይበልጥ ይጠቅማል። ማርሻ ወጣቶች በማንነት ረገድ የሚገኙባቸውን አራት ሁኔታዎች ለየ። ያልፈለገም ያልወሰነም አለ፤ በመፈለግ ላይ ያለ፣ ግን ገና ያልወሰነ አለ፤ ፈልጎ የወሰነም አለ። አራተኛው ሳይፈልግ የወሰነ፣ ማለትም ወላጆቹ ወይም ኅብረተሰቡ ያዘጋጁለትን መልስ ሳይመረምር የተቀበለ ነው። ይህ የመጨረሻው «ቀድሞ የተዘጋ ማንነት» ሊባል ይችላል። ከውጭ ሲታይ የጸና ይመስላል፤ ባለቤቱም የተረጋጋ ነው። የሚፈተነው በሩን የሚያንኳኳ ሲመጣ ነው።

ስእለት

በዛብህ ቦጋለ ቀድሞ የተዘጋ ማንነት ያለው ሰው ነው። ገና ሕፃን ሳለ፣ ከሞት ቢተርፍ ለእግዚአብሔር አገልግሎት እንዲሰጥ ተስለውበታል። በሽታና ሞት ሕፃናትን በሚያጭድበት ዘመን አንዲት እናት ልጇን ለማትረፍ የነበራት መሣሪያ ጸሎትና ስእለት ነበር። የወይዘሮ ውድነሽ ስእለት የጭካኔ ሳይሆን የፍቅር ሥራ ነው፤ ሐዲስም ይህን እንድንረሳ አይፈቅዱም። ነገር ግን ስእለቱን የምትናገረው እናት ናት፤ የሚከፍለው ልጅ ነው። «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚለው አነጋገር በዚህ ቤት የእናት ፍቅር ለልጅ ዕዳ ሆኖ ይገኛል።

የመጽሐፉ ጥልቀት ያለው በዛብህ ስእለቱን መጀመሪያ ላይ እንደ ሸክም አለመቁጠሩ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይገፋል፤ ቅኔ ይማራል፤ በዲማ ጊዮርጊስ በትምህርቱና በድምፁ የታወቀ ይሆናል። በሰንጠረዡ ቋንቋ ቢነገር፣ የታታሪነትን ደረጃ በሚገባ ተወጥቷል። መምህራኑ ያመሰግኑታል፤ ሰው ይሰማዋል። በዚህ ጊዜ ማንም መርማሪ መጥቶ ማንነቱን ቢጠይቀው ያለማመንታት በመለሰለት ነበር። የሚያውቀው ግን ስለ ራሱ የተነገረውን እንጂ ራሱን አልነበረም። በችሎታ መርቀቅና ራስን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ወለዱ ከብዙ የሥነ ልቡና መማሪያ መጻሕፍት በተሻለ ግልጽ ያደርጋል። ይህም ለመምህር ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ተማሪ ስለ ራሱ አንድም ጊዜ ጠይቆ የማያውቀው ሊሆን ይችላል።

በሩን የምታንኳኳው ሰብለ ወንጌል ናት። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባው ልጃቸውን ንባብና ጽሕፈት ሊያስተምር ነው፤ የሚወጣው ግን ተማሪ ሆኖ ነው። ፍቅሩ ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ያነሣበታል። አንደኛው የኅብረተሰብ ጥያቄ ነው፤ የድኻ ልጅ የባላባት ልጅ ሊወድ ይችላልን? ሁለተኛው የራሱ ጥያቄ ነው፤ በስእለት የተሰጠ ሰው የራሱ ልብ ሊኖረው ይችላልን? የቀደሙት ሐያስያን በአብዛኛው የመጀመሪያውን አጥብቀው ይዘዋል። ሆኖም በዛብህን ውስጡን የሚያቆስለው ሁለተኛው ነው። የፊታውራሪን ቁጣ ሸሽቶ ከደጃቸው ሊያመልጥ ይችላል፤ ያመልጣልም፤ አዲስ አበባ ይገባል። እናቱ በስሙ የተናገሩትን ቃል ግን ጥሎት የሚሄድበት አገር የለም። ይህን ሲረዳ ደግሞ የጉርምስና ዕድሜው አልፏል። ሰንጠረዡ «መቀራረብ» በሚለው እርከን ላይ ያስቀምጠዋል፤ እሱ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ «ማንነት» በሚለው ላይ ቆሟል። የመቀራረብ ፈተና የተዘጋውን የማንነት ጥያቄ ከፍቶታልና ነው። ሕይወት እንደ መሰላል አለመሆኗ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ስምና ቅጽል

በአማርኛ የሰው ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የተናገረው ወላጅ፣ የሚሸከመው ልጅ ነው። «ካሣ» የሚለው ስም በተለምዶ ለጠፋ ነገር ምትክ መገኘቱን ያመለክታል፤ ስለዚህ ልጁ ራሱን ከመሆኑ በፊት የሌላ ምትክ ተብሎ ይጠራል። በልብ ወለዱ ውስጥ ለካሣ ኅብረተሰቡ አንድ ቅጽል ጨመረለት፤ «ጉዱ» አለው። ወላጅ ያወጣው ስም ባልበቃ ጊዜ መንደሩ የራሱን መልስ ይጨምራል ማለት ነው።

ጉዱ ካሣ ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ ራሱን ያወቀ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልማድ የሰው ሥራ እንደሆነ፣ የሰው ሥራም በዘመን መለወጥ እንደሚገባው ይረዳል፤ የወገኖቹን የዘር ኩራት ከውስጥ ሆኖ ስለሚያውቀው ከውስጥ ሆኖ ይነቅፈዋል። በማርሻ አከፋፈል እሱ ፈልጎ የወሰነ ሰው ነው። ነገር ግን ያወቀውን የሚያስተላልፍበት ሥራ፣ ወንበርና ደቀ መዝሙር የለውም። ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ከሚሰጠው ምክርና ወዳጅነት በቀር እውቀቱ ወደ ተተኪ ትውልድ የሚወርድበት መንገድ ተዘግቷል። ኤሪክሰን በጕልምስና ደረጃ ላይ ተተኪን ማፍራት ያለው ልጅ መውለድን ብቻ አይደለም፤ ማስተማርን፣ መሥራትን፣ የሚቀጥለውን ትውልድ መንከባከብንም ይጨምራል። ጉዱ ካሣ ራሱን አግኝቶ ኅብረተሰቡን ያጣ ሰው ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ራስን ማወቅ የግለሰብ ብቻ ሥራ አለመሆኑ ነው፤ የታወቀውን ራስ የሚቀበል ኅብረተሰብ ከሌለ እውቀቱ «እብደት» ተብሎ ይጠራል።

በተቃራኒው ፊታውራሪ መሸሻ ኅብረተሰቡን አግኝተው ራሳቸውን ያጡ ሰው ናቸው። የዘር ሐረጋቸውን ያውቃሉ፤ ራሳቸውን ግን ከአያቶቻቸው ስም ነጥለው አይተውት አያውቁም። ለልጃቸው የሚመጡትን ጠያቂዎች በዘር እያነጻጸሩ ሲመልሱ፣ የልጃቸው ዕድሜ እያለፈ መሆኑ አይታያቸውም። ገበሬዎቹ በተነሡባቸው ጊዜም ነገሩን የሚያዩት እንደ ድፍረት እንጂ እንደ ጥያቄ አይደለም። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ እድገት ግን የለም። በአማርኛ «ሽማግሌ» የሚለው ቃል የዕድሜ ስም ብቻ ሳይሆን የሥራም ስም ነው፤ ሽማግሌ ያስታርቃል፣ የተጣመመ ያቃናል፣ ነገር ያበርዳል። ፊታውራሪ መሸሻ በዕድሜያቸው ሽማግሌ ሆነው በሥራቸው ሽምግልና ላይ አልደረሱም። የአገሩ ቋንቋ ዕድሜና እድገት አንድ አለመሆናቸውን ከሰንጠረዡ በፊት ያውቅ ነበር ማለት ነው።

የሰብለ ወንጌል ጉዞ

ከዕድገት አንጻር ሲታይ የመጽሐፉ ዋና ሰው በዛብህ ሳይሆን ሰብለ ወንጌል ናት ለማለት ይቻላል። የእሷም ጥያቄ ቀድሞ የተመለሰ ነው፤ መልሱን የሰጠው ግን ስእለት ሳይሆን ዘር ነው። አባቷ ስለ እሷ ይወስናሉ፤ እሷ ትጠብቃለች። በዚያ ዘመን ልማድ የማግቢያ ዕድሜዋ ካለፈ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ታሪኳ ያበቃ መስሎት ሳለ፣ እሷ ትጀምራለች። ፊደል መማሯ ከዚህ መጀመሪያ ጋር የተያያዘ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ትምህርት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አዲስ ጥያቄ የሚገባበት በር ነው።

ከአባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ ስትሄድ የመነኩሴ ልብስ ትለብሳለች። የሚገናኙት በዛብህ ሊሞት ሲል ነው፤ ከሞቱም በኋላ እሷ ትመነኩሳለች። ለእሱ በስእለት የታሰበው ሕይወት በመጨረሻው የእሷ ይሆናል ማለት ነው። ልዩነቱ ግን ሰማይና ምድር ነው። እሱ ሳይጠየቅ የተሰጠበትን ሕይወት እሷ ጠይቃና መርጣ ገባችበት። ስለዚህ መጽሐፉ ምንኩስናን አይነቅፍም፣ ልማድን በጠቅላላው አይጥልም፤ የሚለየው በተሰጠና በተመረጠ መካከል ነው። አንድ ሰው አባቶቹ በሄዱበት መንገድ ሊሄድ ይችላል፤ መንገዱ የእሱ የሚሆነው ቆሞ አይቶ ሲሄድበት ነው። ራስን ማወቅን ከባህል መራቅ አድርገው ለሚያስተምሩም ሆነ ከዚያው የተነሣ ለሚፈሩት ሰብለ ወንጌል መልስ ናት።

የልብ ወለዱ ጉድለት

ይሁን እንጂ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለትምህርት ሲውል ሊሸፈን የማይገባ ጉድለት አለው። ተዘግቶ የነበረውን ጥያቄ የከፈቱት ሦስቱም ሰዎች በኅብረተሰቡ መካከል ተቀምጠው ሲያረጁ አናይም። አንዱ ይሞታል፤ አንዷ ከዓለም ትለያለች፤ አንዱ እንደ እብድ ይቆጠራል። ወጣት አንባቢ ከዚህ «ራሱን የጠየቀ ይጠፋል» የሚል ትርጓሜ ቢወስድ ሊፈረድበት አይገባም። በራሱ ፈቃድ መርጦ፣ ከዚያም ዘርቶ፣ አጭዶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ከጎረቤቱ ጋር ታርቆ የሚኖር የጕልምስና ምሳሌ መጽሐፉ ውስጥ የለም። በሥነ ጽሑፍ ረገድ ይህ የአሳዛኝ ታሪክ ባሕርይ ነው፤ በትምህርት ረገድ ግን ክፍተት ነው።

ክፍተቱን የሚሞላው የደራሲው ሕይወት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወለዱ፤ እንደ በዛብህ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አደጉ። ከዚያ ግን ወደ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ፤ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ዘምተው ተማረኩ፤ በኢጣልያም ታስረው ዓመታት አሳለፉ። ከነፃነት በኋላ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት፣ በትምህርት ሚኒስትርነትም ጭምር አገለገሉ። ይህን ልብ ወለድ ሲያሳትሙ 56 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር፤ የጦርነቱን ዘመን የሚያስታውሱበትን «ትዝታ» ያሳተሙት ደግሞ ከ80 ዓመት በኋላ በ1985 ዓ.ም. ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ዐርፈዋል። በበዛብህ መንገድ የጀመረ ሰው ከበዛብህ በኋላ ብዙ ዕድሜ ኖረ። ያለፈበትንም ዓለም አልረገመውም፤ በጕልምስናው ተመልሶ ጠየቀው፣ ለተተኪውም ጻፈው። ኤሪክሰን ተተኪን ማፍራትና የሕይወት ሙሉነት ያላቸውን ሁለቱን የመጨረሻ ደረጃዎች ለማስረዳት ከባሕር ማዶ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተተረከውን ይህን መጽሐፍ ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆች ጭምር የሰሙት በመሆኑ፣ ሠልጣኙ ከመምህሩ ብቻ ሳይሆን ከአያቱም ጋር ሊወያይበት ይችላል።

ለመምህራን ሥልጠና

ይህ ሁሉ በግምጃ ቤት ላለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ለዚያ ትምህርት ቤት መምህር ለሚያዘጋጅ ኮሌጅ ምን ይጠቅማል?

በመጀመሪያ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በመወሰኑ፣ በአዊ ሕፃናት በአዊኛ የሚማሩበት መንገድ ተከፍቷል። ሕፃኑ በእናቱ ቋንቋ «እኔ» ብሎ መጻፍ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ቋንቋም ቢሆን ለልጁ የተሰጠ መልስ እንጂ የልጁ ጥያቄ አይደለም። ያው ልጅ በአማርኛም፣ ከፍ ሲል በእንግሊዝኛም ስለ ራሱ ይናገራል፤ በሦስቱም ቋንቋ የሚናገረው አንድ ዓይነት ሰው ላይሆን ይችላል። መምህሩ ይህን እንደ መደናገር ቆጥሮ ከማረም ይልቅ እንደ ዕድገት ማየት ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ቀድሞ የተመለሰ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በሴት ልጆች ላይ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሴት ልጅን በለጋ ዕድሜዋ ማጨትና መዳር ለረጅም ዘመን የኖረ ልማድ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ሲል፣ የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል። የዕድሜው ከፍ ማለት ሕጋዊ ጥበቃ ብቻ አይደለም፤ በሥነ ልቡና ዓይን ሲታይ ልጅቱ የራሷን ጥያቄ የምትጠይቅበት ጊዜ መስጠት ነው። ሕጉ ጊዜውን ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንድትጠይቅ የሚያደርጋት ግን መምህር ነው። ከሰባተኛ ክፍል በድንገት የቀረች ተማሪ ስሟ በመዝገብ ላይ «አቋርጣለች» ተብሎ ይጻፋል። ሰብለ ወንጌልን በሚገባ ያነበበ መምህር ግን ማን እንደወሰነላት ሳይጠይቅ መዝገቡን አይዘጋም።

ሦስተኛ፣ ሠልጣኙ ራሱ አለ። ወደ መምህርነት ሥልጠና ከሚገቡት መካከል ሙያውን ወደው የመረጡ እንዳሉ ሁሉ፣ በውጤት ድልድል ወይም በቤተሰብ ግፊት የገቡም ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ሠልጣኝ የኤሪክሰንን ሰንጠረዥ ጠንቅቆ አጥንቶ ከፍተኛ ውጤት ሊያገኝ ይችላል፤ በዛብህም በቅኔ ማንም አይስተካከለውም ነበር። ኮሌጁ የሚሰጠው የዕድገት ሥነ ልቡና ትምህርት ሠልጣኙን ወደ ራሱ ካልመለሰው፣ ሙያው ለእሱ ሌሎች የተሳሉበት ስእለት ሆኖ ይቀራል፤ የማይወደውን ስእለት የሚከፍል ሰው ደግሞ ሒሳቡን የሚያወራርደው በሕፃናት ላይ ነው። አለንጋ የሚያበዛው፣ ጥያቄ የሚጠላው፣ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያለ የተማሪውን አፍ የሚዘጋው መምህር ብዙውን ጊዜ ራሱ ተጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ በኮሌጆች የሕይወት ዘመን ዕድገት ሲሰጥ ሰንጠረዡ ከአንድ ሙሉ የሕይወት ታሪክ ጋር ተጣምሮ ቢሰጥ ይበጃል። ሠልጣኙ የበዛብህን፣ የሰብለ ወንጌልን፣ የጉዱ ካሣን ወይም የሐዲስ ዓለማየሁን ሕይወት ይዞ፣ በየዕድሜው «ይህን ማን መለሰለት? ራሱስ መቼ ጠየቀ?» እያለ ቢመረምር፣ ቀጥሎም በመንደሩ ያሉ አንድ አዛውንት ወይም አንዲት እናት ስለ ኖሩት ሕይወት የሚናገሩትን አዳምጦ ቢጽፍ፣ በመጨረሻም ስለ ራሱ ቢጽፍ፣ ሦስቱ ሥራዎች አንድ ላይ ከፈተና የሚተርፍ እውቀት ይሰጡታል። ስለ ራሱ የጻፈው ግን በነጥብ ሊመዘን አይገባም፤ የሚመዘን ከሆነ ሠልጣኙ መምህሩ የሚወድለትን መልስ ይጽፋል፤ ያም ሌላ ቀድሞ የተመለሰ ጥያቄ ይሆናል።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር አዛውንቱና ወጣቱ በአንድ ሜዳ ይጋልባሉ። ፈረሱን፣ ጌጡንና የግልቢያውን ሥርዓት ወጣቱ ከአባቱ ወርሷል፤ ልጓሙን የሚይዘው ግን የራሱ እጅ ነው። ወላጅ ለልጁ፣ መምህርም ለተማሪው ሊያደርግ የሚችለው ከዚህ አይበልጥም፤ ከዚህ ማነስም የለበትም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ልጓሙ ለባለቤቱ ባልተሰጠ ጊዜ ምን እንደሚደርስ ያሳያል። መስጠቱ የሚጀመረው ግን በክፍል ውስጥ ነው፤ ሕፃኑን ስሙን ጠርቶ፣ ቀጥሎ የሚናገረውን እስከ መጨረሻው በማዳመጥ።